የፈተናዬ ቀን ለቅሶ

ይድረስ ለምወድሽና ለምትናፍቂኝ አክስቴ፣ ለእቴቴ ራህማ፤

አሰላሙ አለይኩም። እንደምን ሰነበትሽ? እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ። ጉልበትሽ እንዴት ነው? ደም ግፊቱስ? መድኃኒትሽን ሳታቋርጪ ትወስጃለሽ? ምግብ ይበላልሻል? እንቅልፍስ ይወስድሻል? ዛሬ ጤናሽን አብዝቼ የምጠይቀው በምክንያት ነው። ሳትደነግጪ ልጅሽ ሃይደር እስከ መጨረሻው ያንብብልሽ።

በስልክ ያልነገርኩሽ የቤታችን ግድግዳ ስስ ስለሆነ ነው። እኔ ሄሎ ስል ጎረቤቴ ማሚቱ ሬዲዮዋን ትቀንሳለች። ይሄንንም ደብዳቤ ኮምቦልቻ በአውቶቡስ ለሚመላለሰው ለዓብዱ የሰጠሁት በኮላ አሽጌ፣ መዝጊያው ላይ ፈርሜበት ነው። ፊርማዬ ተቀዶ ካገኘሽው ንገሪኝ። ዓብዱ ጥሩ ልጅ ነው፣ ግን ያው ሰው ነው።

ነገሩ የመንጃ ፈቃዱ ነው። እንደምታውቂው በትምህርት ቤቱ ሰርቪስ ልጆች እያሳፈርኩና እያወረድኩ ነው የምኖረው። ሹፌሩ ሊለቅ ስለሆነ፣ መንጃ ፈቃድ ካወጣሽ መሪውን ላንቺ እንሰጥሻለን ብለውኛል። ሁለት ጊዜ ተፈትኜ ወደቅኩ። አስተማሪዬ ገብረየስ መንዳቱን ችለሽዋል፣ የሚጥልሽ ፍርሃት ነው ይለኛል። እኔ ግን ሌላ ጠርጥሬያለሁ። ሁለቱንም ጊዜ በጠዋት ስወጣ ማሚቱ በሯ ላይ ቆማ፣ ዛሬ ነው አይደል፣ በርቺ፣ ብላኛለች። ሁለቱንም ጊዜ ግራ እግሬ ፍሪሲዮኑ ላይ ተንቀጠቀጠና ሞተሩ ጠፋ። ዓይኗ ካልሆነ ምን ይሆናል? አሁንም ብወድቅ ደግሞ ትምህርት ቤቱ ሌላ ሹፌር ይቀጥራል።

ስለዚህ በዚህኛው ቀኑን ለማንም አልተነፈስኩም። ባለፈው ሐሙስ ገና ሳይነጋጋ ጫማዬን በእጄ ይዤ ስወጣ ማሚቱ እዚያው በሯ ላይ አለች! እንቅልፍ የላትም እንዴ ይቺ ሴት? በጠዋት ወዴት ነው ስትለኝ አፌ ላይ የመጣልኝን፣ ለቅሶ ነው፣ አክስቴ ሞተችብኝ አልኳት። ምላሴን በቆረጠው! ካንቺ ሌላ አክስት የለኝም እኮ፣ እቴቴ።

ለቅሶ ብቻውን የሚሄድ ሰው እንደሌለ እንዴት ረሳሁ? ማሚቱ ደረቷን መታች፣ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ለበሰች፣ ሁለት ጎረቤቶችንም ቀሰቀሰች። ግራና ቀኝ ደግፈው ታክሲ ውስጥ አስገቡኝ። የት ነው ለቅሶ የተቀመጡት ሲሉኝ ዘመዶቻችን ሲኤምሲ ናቸው አልኩ፣ መፈተኛው ሜዳም በዚያው ነው። እንዴት እንደማመልጣቸው ስጨነቅ መንገድ ዳር ድንኳን ተተክሎ አየሁና ወራጅ አለ ብዬ ጮህኩ።

የማላውቃቸው ሰዎች ለቅሶ ላይ ገባሁልሽ። ማሚቱ አንድ ቀን እንኳን አይታሽ ሳታውቅ፣ ወይኔ ራህማ፣ ወይኔ የሙት ልጅ አሳዳጊ እያለች ስታለቅስ የውሸቱ እንባዬ የእውነት ሆነ። ቤቱን ያላንቺ አሰብኩት። ሐዘንተኞቹም ማን ናት ሳይሉ አብረውኝ አለቀሱ። ከዚያ ፊቴን ልታጠብ ብዬ በድንኳኑ ጀርባ ሾለክኩ።

መፈተኛው ሜዳ ስደርስ ዓይኔ አብጧል። ፈታኙ አየኝና ደህና ነሽ ወይ አለኝ። ሊያዘናጋኝ ነው ብዬ ጭንቅላቴን ብቻ ነቀነቅኩ። ቀበቶዬን አሰርኩ፣ ስፖኪዮውን አስተካከልኩ፣ እግሬ እስኪንቀጠቀጥ ጠበቅኩ። አልተንቀጠቀጠም። ፍርሃቴን ሁሉ እዚያ ድንኳን ውስጥ ጨርሼው መጥቻለሁ መሰለኝ። አንቺን ማጣትን ካሰብኩ በኋላ የመፈተኛውን ዘንግ መንካት ምን ያስፈራል? ዳገቱ ላይ ሳልንሸራተት አስነሳሁ፣ በኋላ ማርሽም በዘንጎቹ መሃል አንዱንም ሳልነካ ገባሁ። አልፈሻል አለኝ። አዝነህልኝ እንዳይሆን ብዬ ብጠይቀው ተቆጣኝ።

አሁን ያስቸገረችኝ ማሚቱ ናት። ቤት ስመለስ የት ጠፋሽ እንኳን አላለችኝም። ድንኳኑ ውስጥ የተሰቀለው የሟች ፎቶ የጺማም ሽማግሌ ነበር፣ እሷም አይታዋለች። ዝም ማለቷ ነው እንቅልፍ የነሳኝ። ማታ መጥታ ደግሞ ከእድር ሴቶች ጋር ተነጋግረናል፣ እሑድ ኮምቦልቻ አክስትሽ ቤት ድረስ ሄደን ቤተሰቡን እናጽናናለን አለችኝ። ለማጽናናት ነው ለማጣራት? አትሂዱ ብላት ይብስባታል።

መጀመሪያ፣ እሑድን ጎረቤት ተደብቀሽ ዋዪልኝ ልልሽ ነበር። አልሆነልኝም። አንድ ጊዜ በአፌ ገድዬሻለሁ፣ አልደግመውም። በሩን ራስሽ ክፈቺላቸው። በቁምሽ ይዩሽ፣ እኔን ውሸታም ይበሉኝ።

ሃይደርን ሰላም በዪልኝ፣ እየሳቀ እንዳያነብልሽ። ናዲያን ከነሆዷ ሰላም በዪልኝ፣ በሰላም ትገላገል። ትንሿን ፈትያን ጉንጯን ሳሚልኝ። ለሀጂ ኑሪም ሰላምታዬን አድርሺ፣ ዱዓ ያድርጉልኝ።

ብቻ እሑድ ማሚቱ ብትጠይቅሽ፣ ስለ ፈተናው ትንፍሽ እንዳትይ። መንጃ ፈቃዱ ገና እጄ አልገባም።

ልጅሽ ሰኪና
አዲስ አበባ
ኅዳር 9 ቀን 2018 ዓ.ም.