ኡርሆ ያደረቀው ሞተር

ይድረስ ለውድ እህቴ ለሄልቪ፤ አሪዞና።

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናሽን እጠይቃለሁ። ጉልበትሽ እንዴት ሆነልሽ? እንቅልፍስ ይወስድሻል ወይስ እንደ ድሮው ጣሪያ ስትቆጥሪ ታድሪያለሽ? ባለቤትሽ ማርቲን ከሳሉ ዳነ? እኔ ከእርጅና በቀር የምከሰው የለኝም፤ ዓይኔም ገና ፊደል ይለያል። ሐይቁ ዳር ዳሩን በረዶ ሆኖ መርጋት ጀምሯል።

በስልክ፣ ወንድማችን ኡርሆ የሣር ማጨጃውን ማስነሳት አቃተው የተባለው እውነት እንደሆነ ጠይቀሽኝ ነበር። ሰው አጠገቤ ስለነበረ በወጉ አልመለስኩልሽም። እውነት ነው። ልጅሽ ካሌ አልዋሸሽም።

እንደምታውቂው የሰፈሩ ወንዶች በረዶው ከመግባቱ በፊት ሞተሮቻቸውን ለክረምቱ የሚያሰናዱት በኡርሆ መጋዘን ነው፤ ሥራው ሲያልቅም አብረው ሳውና ገብተው በእንፋሎት ይታጠባሉ። ዘንድሮ ካሌ በሁሉ ፊት፣ «አጎቴ፣ ይህን ማጨጃ ብቻህን ካሰናዳህ ቤትህ ትኖራለህ፤ ካቃተህ ግን የአረጋውያን መጦሪያ ትገባለህ። እናቴም ተስማምታለች» አለው። ኡርሆ የካሌን ስም እንኳ ረስቷል፤ እጁ ግን አልረሳም። ሞተሩን አስነስቶ፣ ቤንዚኑ አልቆ በራሱ እስኪጠፋ ጠበቀ፤ በካርቡሬተሩ ውስጥ ጠብታ ቢቀር ከርሞ እንደ ሙጫ ይዘጋዋልና። አሮጌውን ዘይት ቀየረ። እሳት የሚጭረውን ካንዴላ ፈትቶ በቀዳዳው ጥቂት ዘይት ጠብ አደረገ፤ ዘይቱ ውስጡን እንዲቀባውም ገመዱን በቀስታ ስቦ ካንዴላውን መለሰ። ጎረቤታችን ቫይኖ እንኳ፣ «ይኸው፣ ሽማግሌው ሁላችንንም ይቀብረናል» አለ። እኔም ቤቱ ተረፈለት ብዬ ነበር።

ካሌ ግን ማጨጃውን በእግሩ ገፋ አድርጎ፣ «ጥሩ ነው አጎቴ፤ እስቲ አሁን አስነሳውና ድምፁን እንስማው» አለ። ያንኑ የደረቀውን ሞተር ነው የሚለው። ኡርሆ ማድረቁን ረስቶታል። ገመዱን ሳበ፤ ደግሞ ሳበ። ካሌ፣ «ጠንከር በል እንጂ፣ ቁርስ አልበላህም እንዴ?» ይለዋል። ቫይኖም፣ «ምናልባት ልመና ይወድ ይሆናል፤ እባክህ በለው» ሲል ሁሉም ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። ኡርሆ አጎነበሰና ማሽኑን፣ «እባክህ» አለው። እኔ ቤንዚን የለውም፣ ተዉት ብል፣ ካሌ በድሮ አስተማሪነቴ እየቀለደ፣ «መምህር፣ ፈተና ላይ መልስ አይነገርም» ብሎ አፌን ዘጋኝ። ወንድማችን መዳፉ ተልጦ ገመዱ ደም እስኪነካ ድረስ ሳበ። ካሌ ስልኩን አውጥቶ፣ «እማዬ፣ ማጨጃ እንኳ ማስነሳት አቃተው» ያለሽ ያን ጊዜ ነው። አንቺም «እንግዲያው ይሂድ» አልሽ። ከጀርባው የሰማሽው ሳቅ በኡርሆ የሚሳቀው ነበር።

ሐሙስ ወሰዱት። ዓርብ የካሌ ዓሣ ማጥመጃ ዕቃ ኡርሆ ቤት ገባ።

ትናንት ልጠይቀው ሄጄ ነበር። እጁ በፋሻ ተጠቅልሏል። «ለምን እምቢ አለኝ?» ይለኛል። አሳምረህ ስላደረቅኸው ነው ስለው ፊቱ ይፈካል፤ ጥቂት ቆይቶ ያንኑ ይጠይቀኛል። እህቴ ሆይ፣ የሄደው በአንቺ ቃል ነበር፤ መመለሱም ከአንቺ ቃል አያልፍም።

ማርቲንን ሰላም በይልኝ። ለልጅሽ ለሪትቫና ለመንታዎቿ ናፍቆቴን ንገሪልኝ። ካሌ ለበዓሉ ወደ አንቺ እንደሚመጣ ሰምቻለሁ። ከእኔ ለእሱ ሰላምታ የለኝም። ኡርሆ ግን፣ «ያ እስከ መጨረሻው አጠገቤ የቆመው ደግ ልጅ ይመስገንልኝ» ብሎ ልኮለታል። ቃሉን ሳታጎድዪ አድርሽለት።

ወንድምሽ ታውኖ
ሰሜን ሚሺጋን፣ ከሐይቁ ዳር
ኅዳር መግቢያ፣ 2019 እ.ኤ.አ.