የድንኳኑ በር ወደ መንገድ ይሁን

ለማህሌት አባት፣

ደብዳቤ ሲጻፍ በቅድሚያ ጤና ይጠየቃል። አንተን ምን ብዬ ልጠይቅህ? ስኳርህ እንዴት ነው ልበልህ? እሱም ከአንተ ጋር አብሮ አረፈ። እኛ አለን፤ ከዚያ በላይ ያለውን ቀስ እያልኩ እነግርሃለሁ። ከተለየኸን ዓመት ከሁለት ወር ሆነ። ሃያ አራት ዓመት አብረን ስንኖር አንድ ቀን በስምህ ጠርቼህ አላውቅም። ዛሬ በወረቀት እንኳ ልሞክር ብዬ ጀመርኩና አፍሬ ሰረዝኩት። አንተዬ እንዳልኩህ ይቅር።

የምጽፍልህ አንድ ነገር ልነግርህ ስላለብኝ ነው። መቃብርህ ድረስ ሁለት ጊዜ ሄጄ ሳልናገር ተመለስኩ። ምናልባት በጽሑፍ ይቀለኝ ይሆናል።

ከሁሉ አስቀድሜ ግን ልቆጣህ። ሰው እንዴት ሰው መሰብሰብ በተከለከለ በሁለተኛው ሳምንት ይሞታል? ስትኖር ገበያ እንኳ አርፍደህ የምትወጣ ሰው፣ ለዚህ ምን አስቸኮለህ? ቢቸና ውስጥ አንተ የምታከራየው ድንኳን ያልተተከለበት ትልቅ ሠርግ፣ ያንተ ድስት ያልተጣደበት ተዝካር ጥቂት ነው። የሰውን ሁሉ ሐዘንተኛ ከፀሐይና ከዝናብ አስጠልለህ፣ ያንተ ተራ ሲደርስ ጥላ አጣህ። የእድሩ ሰብሳቢ አፉን በነጠላው ሸፍኖ መጣና፣ ድንኳን አይተከልም፣ ከቀበሌ ታዘናል አለኝ። አልፈርድበትም፤ እሱም ወረርሽኙን ፈርቶ ነው። ጥቂት ሰዎች ተራርቀው ቆመው ፍትሐቱ ተደረሰልህ። ወንድምህ ከአዲስ አበባ ሊመጣ ተነስቶ መኪናው ዓባይ ድልድይ ሳይደርስ ተከልክሎ ተመለሰ። በስልክ አለቀሰልህ። ድንኳንህ ግን እዚሁ ግቢያችን መጋዘን ውስጥ ተጠቅልሎ ተኝቶ ነበር። አበጀ ቁልፉን በእጁ ይዞ መጋዘኑ በር ላይ ቆመ። አየኝ፣ አየሁት፤ ቁልፉን ወደ ኪሱ መለሰው።

ከአበጀ ጋር ያስተዋወቅከኝ አንተ ነህ፤ ስለ እሱ ላንተ መንገር አይገባኝም ነበር። ሃያ ሁለት ዓመት ምሰሶ ያቆመልህ፣ ካስማ የመታልህ፣ ከሠርግ ቤት የተረፈ ምሳ ሲሰጡት ለልጆቹ በፌስታል የሚይዘው አበጀ። ሆስፒታል በተኛህበት በመጨረሻው ቀን እጅህን ስታወዛውዝልኝ፣ ለእኔ የምትለው ነገር አለ ብዬ ጆሮዬን አስጠጋሁ። «አበጀን አደራ፤ ከሥራው እንዳታስወጪው» አልከኝ። አልዋሽህም፣ ትንሽ ከፋኝ። ሃያ አራት ዓመት የኖርኩት እኔ፣ አደራው ለአበጀ! በኋላ ግን ገባኝ። እኔ ልጄና ቤቴ አለኝ፤ እሱ ያለው ያንተ ድንኳን ብቻ ነው።

ከፋሲካ በኋላ ይዘሃቸው የነበሩት ሠርጎች አንድ በአንድ ቀሩ። አንዳንዱ ደውሎ ነገረኝ፣ አንዳንዱ ሳይነግረኝ ሙሽራውን በጓዳ በር አስገብቶ ዳረ። ተዝካሩም በጸሎት ብቻ ሆነ። ማህሌት የምታስተምርበት ትምህርት ቤት ተዘጋ፤ የግል ስለሆነ ልጆቹ ሲቀሩ የአስተማሪዎቹ ደመወዝም ቀረ። ሁለታችንም እቤት ተቀመጥን። አበጀ ግን ጠዋት ሁለት ሰዓት ሲሆን እንደ ወትሮው ይመጣል። ግቢውን ይጠርጋል፣ ድስቶቹን በአመድ ይፈትጋል፣ ወንበሮቹን ያወጣና መልሶ ያስገባል። ሥራ በሌለበት ሥራ ይገባ ነበር። አንድ ቀን እቤትህ ብታርፍ ምናለ ስለው፣ «እትዬ፣ እቤት ከዋልኩ ልጆቼ ሥራ መፍታቴን ያውቁብኛል» አለኝ። ከዚያ ወዲያ ደግሜ አላልኩትም። በመጀመሪያ ደመወዙን ከፈልኩት፣ ቀጥሎ ግማሹን፣ ቀጥሎ ካለችን ጤፍ ተካፈልን። እያደር ጤፉም ሳሳ።

አንዳንዴ ድንኳኑን ስረግመው ውያለሁ፣ ይቅር በለኝ። ከመጀመሪያውም አልወደድኩትም ነበር። ማህሌት ሳትጠመቅ የቤታችንን ጣሪያ ቆርቆሮ እንቀይራለን ብለን ስንት ወር ቆጥበን፣ ደብረ ማርቆስ ሄደህ በቆርቆሮ ፈንታ ድንኳን ይዘህ መጣህ። ሰው ቤቱ እያፈሰሰ ድንኳን ይገዛል ብዬ ሦስት ቀን አላናገርኩህም። ክረምቱ ሲገባ ጣሪያው አፈሰሰ። አንተም ምንም ሳትናገር አበጀን ጠርተህ ድንኳኑን በቤቱ ላይ አለበስከው። መንገደኛው ሁሉ ቆሞ እየሳቀ ያልፍ ነበር። እኔ ውስጥ ሆኜ ሕፃኗን ታቅፌ፣ ተናድጄ፣ ደግሞም ሞቆኝ ነበር። ከዚያ በኋላ ነው ከአንድ ሠርግ ቤት ጥጉ በእሳት ተበልቶ የመጣው። አረንጓዴ ክር ስታጣ በቀይ ክር ራስህ ጣፍከው። መርፌው ጣትህን ወግቶህ የኔን መቀነት ቀደህ አሰርክበት።

ደግሞ ያ የበር ነገርህ። የትም ብትተክል ባለቤቶቹን ሳታማክር የድንኳኑን በር ወደ መንገድ ታዞር ነበር። ነፋስ ይገባል ቢሉህ፣ አቧራ ይገባል ቢሉህ አትሰማም። የተጠራውማ በየትም ዞሮ ይገባል፤ በር የሚያስፈልገው ላልተጠራው ነው ትላቸው ነበር። ምስኪን ሁሉ ያንተን ድንኳን ከሩቅ የሚያውቀው በዚህ ነው።

ክረምት ሲገባ ነገር ባሰ። እንደምታውቀው ድንኳን ተጠቅልሎ ከከረመ ይሻግታል። ነሐሴ ላይ መጋዘኑን ስንከፍት ሽታው አፍንጫ ይመታል። አበጀ፣ «ጋሼ መሬት ላይ ዘርግታችሁ አታድርቁት፣ ይቁም ይሉ ነበር» አለኝ። አንድ ቀን ፀሐይ ወጣችና እዚሁ ግቢ ውስጥ ተከልነው። ልቅሶም ሠርግም ሳይኖር፣ ሻጋታውን ለማናፈስ ብቻ።

ግማሽ ሰዓት አልሞላም። ከታች ሰፈር ጥሩወርቅ ነጠላዋን አዘቅዝቃ፣ «ማህሌቴን! ማህሌቴን!» እያለች ደረቷን እየመታች ገባች። ድንኳኑን ከመንገድ አይታ ልጃችን የሞተች መስሏት ነው። ከኋላዋ ሌሎችም ተከታትለው ደረሱ። ማህሌት ልብስ ስታጥብ ነበርና ጩኸቱን ሰምታ እጇ በሳሙና እንደተሞላ ብቅ አለች። ጥሩወርቅ አየቻት፣ አፏን በእጇ ያዘች፣ ከዚያ ሁላችንም ሳቅን። እንደዚያ የሳቅኩት ካንተ ወዲህ የመጀመሪያዬ ነው። ጥሩወርቅ ሳቋ መሐል ላይ ተሰበረና፣ «እሱንስ ቢሆን መቼ አለቀስነው?» አለች። አበጀ ሳይታዘዝ አግዳሚ ወንበሮቹን አወጣ። ሴቶቹ ተራርቀው ተቀመጡ። አለቀሱልህ፣ በደግነትህ እየጠሩ፣ በግትርነትህም እየጠሩ። እኔም ቀብርህ ላይ አልወጣ ያለኝ ሁሉ ያን ቀን ወጣ። ከቀበሌ አንድ ሰው መጣ፤ ሊቆጣ ነው የመጣው፣ ግን ኮፍያውን አውልቆ ጥቂት ቆመ፣ ከዚያ በሉ ተበተኑ አለን። አንድ ሰዓት ቢሆን ነው። ብቻ ለአንድ ሰዓት ድንኳንህ ለአንተ ተተክሎልሃል፤ ይህን እወቅልኝ።

ሲያነሱት አበጀ እጥፉ ላይ ጣቱን ቢያሳርፍ ሸራው ተበሳ። ሁለት ቦታ፣ ሦስት ቦታ። ሌላ ክረምት አይችልም አለኝ። በዚያው ሳምንት ሚስቱ ልጆቹን ይዛ ወላጆቿ ዘንድ ገጠር ገባች። እሱም ለሰሊጥ አጨዳ መተማ እወርዳለሁ ማለት ጀመረ። በዚያ ጉልበቱ፣ በዚያ ሙቀት! አንተ ብትኖር ምን ታደርግ እንደነበር ሌሊቱን አሰብኩ፣ ቀኑን አሰብኩ፤ ምንም አልመጣልኝም። አንተ ብትኖርም ምንም አታደርግም ነበር፤ ያን ጊዜ ማንም ምንም ማድረግ አይችልም ነበር። ይህን ለራሴ ስነግረው ግን አያጽናናኝም።

ያኔ ነው የሞጣው ሰውዬ የመጣው። እህል ነጋዴ ነው፣ ጊዜው እስኪያልፍ መቆየት የሚችል። ድንኳኑን፣ ወንበሩን፣ ድስቱን እያገላበጠ አየ። እሸጥልሃለሁ፣ ነገር ግን ድንኳኑ ያለ አበጀ አይቆምም፣ ሰውዬውን ጭምር ትወስዳለህ አልኩት። የሚቀልዱ መሰለኝ ብሎ ሳቀ። እንደማልቀልድ ሲያይ እሺ አለ፤ ቋሚ ሠራተኛ አደርገዋለሁ ብሎ በሽማግሌ ፊት ቃሉን ሰጠኝ። አየህ፣ አደራህን በድንኳንህ ገዛሁት። በልቤም ይህን አንተም ታደርገው ነበር አልኩ። መኪናው ወደ ሞጣ ሲነሳ አበጀ ከዕቃው ላይ ተቀምጦ ደብረ ወርቅ መንገድ እስኪገባ ድረስ ወደ ግቢያችን ይመለከት ነበር።

ወር ሳይሞላ ክልከላው ላላ። ወር ሳይሞላ፣ አንተዬ! ጥር ሲገባ ሠርጉ ጀመረ። የሌላ ሰው ድንኳን በሰፈራችን ሲያልፍ መስኮት ዘግቼ ተቀመጥኩ። ታግሼ ቢሆን ኖሮ የሚለውን ነገር ስንት ጊዜ እንዳመላለስኩት አትጠይቀኝ። መጋዘኑን ለማዳበሪያ ማስቀመጫ አከራየሁት፤ ማህሌትም ወደ ሥራዋ ተመለሰች። በዚያ እንኖራለን።

ሙት ዓመትህ ሁዳዴ ላይ ስለዋለ ዝክሩን ከፋሲካ በኋላ አደረግነው። ሰው ሊመጣ ነው፣ ሰማዩም ዝናብ አርግዟል፣ ድንኳን ያስፈልጋል። የእድሩ ጠባብ ነው። ማህሌት ፊቴን እያየች ፈራ ተባ እያለች ሞጣ እንደውል አለችኝ። ደወልኩ። ሰውዬው ቀጠሮ አይቶ ለዚያ ቀን ባዶ ነው አለኝ። እንደ ማንኛውም ደንበኛ ያንተኑ ድንኳን ላንተ ተከራየሁልህ።

በማለዳ መኪናው ደረሰ። አበጀ ከላይ ዘሎ ወረደ፤ ጠቁሯል፣ ከስቷል። ተሳስመን ሳንጨርስ መዶሻ ሊያመጣ ወደ መጋዘኑ ሄደና የማዳበሪያውን ጆንያ ሲያይ እዚያው ቆመ። ተመልሶ መዶሻውን ከመኪናው ላይ አወረደ። ሸራው ሲዘረጋ ቀዩን ክር ፈለግኩት፤ አለ፣ አልተፈታም። አበጀ ምሰሶውን ይዞ ቆመና ባለጉዳይ እንደሚጠየቀው ጠየቀኝ፦ «እትዬ፣ በሩ ወደየት ይሁን?» ሃያ ሁለት ዓመት ሲያዞረው የኖረውን በር። ሞኝ ነኝ፣ አንተ እንድትመልስለት ዞር ብዬ ፈለግኩህ። ወደ መንገድ ይሁን አልኩት።

ሰው በላ፣ ጠጣ፣ አመሰገነህ። ያልተጠራም ገባ። አሁን ልነግርህ የፈራሁትን ልንገርህ። ማታ ሲያፈርሱት አበጀ ገመድ እየጠቀለለ፣ ፊቱን ሳያዞር ነገረኝ። ሞጣም ሥራው እንደ ቀድሞው አልተመለሰም፤ ሰው በትንሹ መደገስን ለምዶታል። ነጋዴውም ከሰኔ በኋላ ሠራተኛ ልቀንስ ነው ብሎታል። ሽማግሌዎቹ ፊት የሰጠውስ ቃል ስለው፣ «ቃሉንማ አልረሳም፣ ሥራ ነው የጠፋው» አለኝ። ሰውዬውን ልወቅስ ፈለግሁና የምወቅስበት አጣሁ። እኔም ብሆን ያደረግሁት ይህንኑ ነው።

አደራ በላ እንዳትለኝ። አልበላሁትም፣ እጄ ላይ አልቆብኝ ነው። ሁለተኛ የምሸጥልህ ድንኳን የለኝም። አበጀን ሳቅፈው ትከሻው ላይ የገመድ ሽታ ነበር፤ ያንተ ሽታ የነበረው ያ ነው። መኪናው ሲሄድ እጄን አውለበለብኩለት፣ ሌላ የምሰጠው ነገር አልነበረኝም።

አልረሳህም። ድንኳን ባይኖርም የግቢያችን በር አለ፤ በየዓመቱ በዕለትህ ወደ መንገድ ወለል አድርጌ እከፍተዋለሁ፣ ያለችኝን እዘክርልሃለሁ፣ ያልተጠራውም ይግባ። ሰኔ ግን ቅርብ ነው። አበጀ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ በዚያው በር ቢገባና መጥረጊያውን ቢያነሳ ምን እንደምለው አላውቅም።

የማህሌት እናት