«የሙጫ ፍጆታ» የተባለው ፋይል

ሰኞ፣ የካቲት 3

ለሚመለከተው ሁሉ፦ ከዓርብ ጀምሮ ደብዛው ጠፍቶ የነበረው የግራ እግሬ ካልሲ ዛሬ ጠዋት ከሶፋው ሥር በሕይወት ተገኝቷል። መላው ቤተሰብ እንኳን ደስ ያለው። የቀኙ ካልሲ ስሜቱን እንዲገልጽ ተጠይቆ ዝምታን መርጧል።

ሌላ ወሬ የለም። ማተሚያ ቤት ሄድኩ። ጡረታ ከወጣሁ ስንት ዘመኔ… ግን የጽሑፍ ማረሚያ ክፍሉን የጥግ ወንበርና ኮምፒውተር እስካሁን የነካብኝ የለም። 22 ወደ 18 ተጫወትኩ። ወደ ቤት።

ማክሰኞ፣ የካቲት 4

የልጅ ልጄ፣ የማተሚያ ቤቱን ኮምፒውተሮች የምትጠብቀው፣ ዛሬ አዋጅ አወጣች። (ሻለቃ ነው የምላት። ለማሽን ትእዛዝ መስጠት ለምዳ ከሰውም አልመለስ ብላለች።) ዓርብ ዕለት ከጥረዛ ቤቱ ጋር ያለንን ግንኙነት ትቆርጠዋለች።

ማተሚያውና ጥረዛው ድሮ አንድ ቤት ነበሩ፣ የእኔና የታናሽ ወንድሜ። ሙጫ ነው የምለው። ጣቱ ከሙጫ ተለይቶ አያውቅም፣ ቂም ሲይዝም እንደዚያው። የወረቀት መቁረጫው ምላጭ ተሰበረ፣ አንተ ነህ አንተ ነህ ተባባልን፣ ቤቱን ለሁለት ከፈልን። ስድስት ዓመት። ከዚያ ወዲህ አልተነጋገርንም።

ሻለቃ እንዳስረዳችኝ፣ እያንዳንዱ ቤት የሠራተኞቹን ስም የያዘ ማውጫ አለው። ስንለያይ ሁለቱ ማውጫዎች ተዋውለው ነበር። የዚያ ቤት ዘበኛ ያወቀውን ሰው የዚህ ቤት ዘበኛ ሳይጠይቅ ያስገባዋል። ውሉን «ትረስት» ይሉታል። አንዱን ቤት የሰበረ ሌባ ሌላውንም ሰበረ ማለት ነው አለችኝ። ልክ ናት። ልክ መሆኗ ነው የሚያናድደው።

ታዲያ እኔን ምን ከፋኝ? ለዚህ ደብተር እንኳን እውነቱን ልንገረው።

በእኛ ቤት ኮምፒውተር ውስጥ «የሙጫ ፍጆታ» የሚባል አሮጌ ሠንጠረዥ አለ። ከአብሮነታችን ዘመን የቀረ፣ ማንም የማይፈልገው። በተለያየን በወሩ ከፈትኩት፣ ለምን እንደሆነ እንጃ። መጨረሻው መስመር ላይ «11 ወደ 15» ተጽፏል። የዳማ ሰሌዳ ቁጥር ነው። ሰላምታ የለም፣ ስም የለም። ከእሱ በቀር ማን ይሆናል? ከሥሩ መልሴን ጻፍኩ። ይኸው በየቀኑ እሱ አንድ፣ እኔ አንድ። ከቁጥር በቀር አንዲት ቃል የለችበትም።

ረቡዕ፣ የካቲት 5

ሻለቃ ከመቁረጧ በፊት አሁንም በዚያ መንገድ የሚመላለስ ሰው እንዳለ ታጣራለች። ተገኘ። አንድ ሰው ብቻ። በየቀኑ አራት ሰዓት ላይ ከጥረዛ ቤት ይገባል፣ አንድ ፋይል ይከፍታል፣ ሁለት ደቂቃ ቆይቶ ይወጣል።

«ሙጫ የሚወድ ሰው ይሆናላ» አልኳት።

«አባባ፣ ከእኛም ቤት ያን ፋይል የሚከፍተው አንድ ሰው ብቻ ነው። ከጥጉ ወንበር።»

የሙጫ ነገር ያሳስበኛል አልኩ። ሳቋን ዋጠችው።

ለጥረዛ ቤቱ ማስታወቂያ ላከች። ፋይሉ የሚያስፈልገው ሰው እስከ ነገ ስሙንና ስልኩን ይጻፍ፣ በእኛ በኩል የራሱ መግቢያ ይከፈትለታል። ሙጫ ሊያመለክት? ለእኛ ቤት? ከሞተም በኋላ አይፈርም። እኔስ ብሆን እፈርም ነበር?… ልለፈው።

ሐሙስ፣ የካቲት 6

ማንም አልጻፈም።

ሻለቃ ማረሚያ ክፍሌ ገብታ የወረቀት ጥቅል ላይ ተቀመጠች። ላፕቶፗን ወደ እኔ አዞረችው።

«አባባ፣ ሐምሌ ላይ ምን ሆነው ነበር?»

ምን ሆኜ ነበር? ዳሌዬን ተሰብሬ ሆስፒታል ተኝቼ ነበራ። ዘጠኝ ቀን። ስወጣ ፋይሉን ከፈትኩት፣ የእሱ የመጨረሻ ቁጥር ብቻ እንደነበረ ተቀምጧል። አልጨመረም፣ አልጠየቀም። ሙጫ ሙጫ ነው ብዬ ጨዋታዬን ቀጠልኩ።

ማን መቼ እንደገባ በሚያሳየው መዝገብ ላይ ጣቷን አሳረፈች። በቀን አንዴ ብቻ ይገባ የነበረው ሰው በመጀመሪያው ቀን ሦስቴ ገብቷል። በሁለተኛው ሰባቴ። በአምስተኛው ቀን አሥራ አራት ጊዜ። ከፍቶ አይቶ፣ ዘግቶ፣ ከፍቶ አይቶ… በዘጠነኛው ቀን ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ጀምሮ።

«ማሽን ተበላሽቶ እንዳይሆን ብዬ ሁለቴ አጣራሁ» አለች።

አልተበላሸም አልኳት። ካልሲዬን አየሁ። ዛሬም የተለያየ ነው ያደረግኩት።

እርስዎ ካሉ ለአንድ ሳምንት ላዘገየው እችላለሁ፣ ምክንያቱን ግን መጻፍ አለብኝ አለችኝ። ምን ብላ ልትጽፍ? ሁለት ሽማግሌዎች ዳማ ስላልጨረሱ? ቁረጪው አልኳት።

ተራዬን ሳልጫወት ቀረሁ። ስድስት ዓመት ሙሉ ከሆስፒታሉ በቀር ይህ የመጀመሪያው ነው።

ከሰዓት በኋላ ስልኬ ጮኸ። ሙጫ ነው። «ተራው ያንተ ነው» አለ።

ዓርብ፣ የካቲት 7

ተቆረጠ።

እኔ እንኳን አንድ ትልቅ መቀስ ነገር ጠብቄ ነበር። ጥቁር መስኮት ከፈተች፣ ነጭ ፊደል። ማሽኖቹ ክላውድ በሚሉት፣ በኢንተርኔት በሚከራዩት ሩቅ ቦታ ስለሆኑ ሁሉም ነገር በጽሑፍ ትእዛዝ ነው። መጀመሪያ ያሉትን ውሎች ዘርዝር አለችው፣ አንዲት መለያ ቁጥር ወጣች፣ እንደ መኪና ታርጋ። ያችን ገልብጣ መሰረዣው ትእዛዝ ላይ ለጠፈች። ከዚያ ቆም አለች። ወደ ጥረዛ ቤት የሚመራ የአድራሻ ጠቋሚም አለ፣ አብሮ ሊጠፋ ይችላል ወይም ሊቀር።

«ተዪው፣ ቀለብ አይጠይቅ» አልኳት።

«አባባ፣ ለተዘጋ በር ጠቋሚ ምን ይሠራል?»

አብሮ ጠፋ። ማሽኑ ያችኑ ታርጋ መልሶ ጻፈና ዝም። ትንሽ ቆይታ ስትጠይቀው «በመሰረዝ ላይ» አለ። ሻይ ጠጥተን ስንመለስ ዝርዝሩ ባዶ። በእነሱ በኩል ያለውን እነሱ ራሳቸው ይሰርዛሉ።

ስወጣ ወፍራም ፖስታ ብብቴ ሥር ሸጎጠችልኝ። «የሙጫ ፍጆታ»፣ ሙሉው፣ ባለን ምርጥ ወረቀት ታትሞ። አርባ አንድ ገጽ። አልተጠረዘም። ጠራዥ ያውቃሉ አይደል አለችኝ። በማን ወጣች ይህች ልጅ?

እሑድ፣ የካቲት 16

ከሙጫ ቤት አሁን ገባሁ። አርባ አንዱን ገጽ ጠርዞታል፣ ጀርባው ቀጥ ያለ፣ እጁ አልጠፋበትም። ሰሌዳ ዘርግተን ካቆምንበት ቀጠልን። ሁለቴ በላኝ። ስለ ምላጩ አንስቶ አንተ ነህ አለኝ፣ አንተ ነህ አልኩት፣ ሚስቱ ሁለታችሁም ናችሁ ብላ ዘጋችው።

በቁጥር ብቻ የማይታይ ነገር ረስቼ ኖሯል። ጠጠር ከማንሳቱ በፊት ጣቱን በጠረጴዛው ጠርዝ ይጠርጋል። ሙጫ የነካው ይመስል።

አንድ ነገር ላርም፣ የማረሚያ ክፍል ሰው ነኝ። ካልሲው እውነት ነው። ሐሙስ ዕለት ግን ስልኬ አልጮኸም። ያን ፈጥሬ ነው የጻፍኩት። የደወልኩት እኔ ነኝ፣ ሁለቴ ጀምሬ ሁለቴ ዘግቼ። በሦስተኛው አንዴ እንኳን ጠርቶ ሳይጨርስ አነሳው። ምን እንደምል አላሰብኩም ነበር።

«ተራው ያንተ ነው» ያለው ግን እሱ ነው። «ጋሼ» ብሎ ጨምሮበት።