በአራስ ገንፎ ላይ ዘይት በዝቷል ላሉን ክቡር ዋና ዳይሬክተር

ለክቡር ሲ ዙሄይር አል-መክናሲ
ኃላፊነት የተሞላበት ፍጆታ ማረጋገጫ ጽሕፈት ቤት ዋና ዳይሬክተር
ካዛብላንካ

ክቡር ሆይ፣

ከአጋዲር በላይ በተራራው ላይ የምንኖር የኢገር ኡፈላ መንደር አርጋን ፈልፋይ ሴቶች ጤናዎን እንጠይቃለን። ጉልበትዎ እንዴት ሰንብቷል? ወገብዎስ? እኛ ቀኑን ሙሉ መሬት ላይ ተቀምጠን የአርጋን ዛፍ ፍሬ በድንጋይ እየሰበርን ዘይት ስናወጣ የምንውል ስለሆንን፣ ስለ ወገብ ሳንጠይቅ ሰላምታ የሰጠን አይመስለንም። የሚሽከረከረው ወንበርዎ እንደሚመችዎ፣ የቢሮዎ ማቀዝቀዣም በዚህ በነሐሴ ሙቀት እንደማይለግምብዎ ተስፋ እናደርጋለን። እኛ፣ ፈጣሪ ይመስገን፣ ከላኩልን ማስጠንቀቂያ በቀር ያመመን ነገር የለም።

ማስጠንቀቂያው ደርሶናል። እንደጻፉልን ከሆነ ማኅበራችን «ቁጥጥር የሌለው የቤት ውስጥ ፍጆታ» ሲፈጽም ተደርሶበታል። በመሆኑም ጫካው ለዘንድሮ ለቀማ ከመከፈቱ በፊት፣ እያንዳንዱ ቤት በዓመት ከአንዲት ጠርሙስ በላይ የአርጋን ዘይት እንደማይበላና ለቀረው ጊዜ በሶያ ዘይት እንደሚያበስል ካልፈረምን፣ ዘይታችን ባሕር ተሻግሮ የሚሸጥበትን አረንጓዴ ማኅተምዎን ይነጥቁናል። ስለ ግልጽነትዎ ከልብ እናመሰግናለን። ከሰው አፍ የሚነጥቅ ብዙ ነው፤ ነጥቆ በደብዳቤ የሚያሳውቅ ግን ጨዋ ሰው ብቻ ነው።

በዚሁ አጋጣሚ ያጠራቀምናቸውን ምስጋናዎች በተራ ቁጥር እንድናቀርብ ይፈቀድልን።

፩. ተቆጣጣሪዎን ሲ ነቢልን ስለላኩልን እናመሰግናለን። የመጣው የቱዳ ልጅ ስም በሚወጣበት በሰባተኛው ቀን ነበር። ቱዳ ከማኅበራችን ሴቶች በዕድሜ ትንሿ ናት። ስትወልድ ብዙ ደም ስለፈሰሳት፣ ሐኪም ቤት እስክትደርስ በመኪና ውስጥ ያለቀላት መስሎን ነበር፤ በሕይወት መመለሷን ባየን ቁጥር ዛሬም ዕንባ ይቀድመናል። እኛ ዘንድ አራስ እስክትጠና ድረስ የገብስ ገንፎ ትበላለች፤ የገንፎው መካከል ተጎድጉዶም በአርጋን ዘይት ይሞላል። እንግዳ በር ላይ አይቆምምና ሲ ነቢልን ከገበታው አቀረብነው። እውነቱን ለመናገር አላሳፈረንም፤ ዘይቱ ወደ ክርኑ እስኪወርድ በላ፣ ተጨመረለት፣ ደገመ። ከዚያ እጁን ታጥቦ ሲያበቃ ወደ ቱዳ አማት ወደ ኢጃ ዞር ብሎ፣ «እትዬ፣ ይሄ ሁሉ ዘይት ለአንድ ሴት ነው እንዴ?» አላት።

«ለአንድ አይደለም የኔ ልጅ፣ ለሁለት ነው» አለችው ኢጃ። «አንደኛው ጥርስ ገና ስላላወጣ በእሷ በኩል ነው የሚበላው።»

ሲ ነቢል ሳቀ። እኛም በጨዋታችን የሳቀ መስሎን አብረን ሳቅን። ለካስ እየሳቀ ይጽፍ ኖሯል! በልቶ ወጪት ሰባሪ ከዚህ በፊትም አይተናል፤ የሰበረውን ወጪት ለአለቃው ሪፖርት ያደረገ ግን የመጀመሪያው ሲ ነቢል ነው።

፪. ስለ ብክነት ስለሰጡን ሥልጠና እናመሰግናለን። አሰልጣኞችዎ በትልልቅ መኪኖች አቧራ አልብሰውን መጡና፣ ከአርጋኑ ጥላ ሥር «ምንም ነገር አይጣል» እያሉ ሲያስተምሩን ዋሉ። እኛ መሃይሞቹ እስከዚያች ቀን ድረስ የፍሬውን ልጣጭ ለፍየል፣ ቅርፊቱን ለምድጃ፣ ከዘይቱ የሚቀረውን ዝቃጭ ለላም እየሰጠን የኖርነው ያለ ሥልጠና ነበር። አሰልጣኞቹ ሲሄዱ የጠጡባቸውን የፕላስቲክ ጠርሙሶች እዚያው ዛፉ ሥር ትተውልን ሄዱ። የኢጃ ፍየል አንዱን ክዳን ውጣ ስታስል ሰነበተች። ትምህርቱን በቅጡ ሳትከታተል ቀርታ ይሆናል።

በዚያው ቀን፣ ዓለም ተበልታ ልታልቅ ምንም እንዳልቀራት ነግረውናል። እኛም ደነገጥን። ማን እንደበላት ግን ሳይነግሩን የእኛን ማጀት ፈተሹ።

፫. ስለ ሚዛንዎም እናመሰግናለን። ማኅተምዎ ያረፈበት ዘይት በባሕር ማዶ ጥፍር እንደሚታሽበት፣ ፀጉር እንደሚለሰልስበት እናውቃለን። አምና ለጉብኝት የመጣች አንዲት ደግ ሴትዮ ደግሞ ውሻዋን ጭምር እንደምትቀባው በፎቶግራፍ አስደግፋ አጫውታናለች። ቆንጆ ውሻ ነው፤ አልቀናንበትም። ያልገባን አንድ ነገር ብቻ ነው። ውሻ ሲቀባው ኃላፊነት የተሞላበት የሆነው ዘይት፣ ደም ፈስሷት የተረፈች ሴት ስትበላው ቁጥጥር የሌለው የሚሆነው በምን ሕግ ነው? የውሻዋ ባለቤት ቤትስ ሲ ነቢል ሄዶ ያውቃል?

፬. እኔን ጸሐፊዋን አራተኛውን ምስጋና ልጽፍ ብዬ እምቢ አለኝ፣ ክቡር ሆይ። ተናድጃለሁ። ስለዚህ ቁጥሩን ትቼ የሆነውን ልንገርዎ።

ማስጠንቀቂያዎን ሁላችን በተሰበሰብንበት አነበብኩላቸው። ፍርሃት አልያዘንም ብል እዋሻለሁ። ማኅተሙ ከሌለ በመኪና እየዞረ የሚገዛው ነጋዴ ዘይታችንን በግማሽ ዋጋ እንደሚያነሳው፣ ዘንድሮ ከተማ ወርደው ሊማሩ ከተዘጋጁት ሴት ልጆቻችን አንዳንዶቹ እንደሚቀሩ አሳምረን እናውቃለን። እርስዎም ይህን ስለሚያውቁ ነው እንዲህ ያለ ደብዳቤ ለመጻፍ የደፈሩት። ቱዳ ልጇን እንዳቀፈች ተነሣች።

«በኔ ምክንያት ማኅበሩ ለምን ይፈርሳል?» አለች። «ፈርሙላቸው። እኔ ሶያውን እበላለሁ፣ ምን እንዳልሆን ነው?»

ስትናገር ከንፈሯ ገና አመድ የመሰለ ነበር። ኢጃ ግን አላስጨረሰቻትም።

«ቁጭ በይና ልጅሽን አጥቢ! ዛሬ ገንፎሽን ከለኩ ነገ ጡትሽን ሊለኩ ነው። ደሞ እነሱ ማን ሆነው ነው? ዛፉን አልተከሉ፣ ፍሬውን አልለቀሙ፣ ድንጋዩ ጣታቸውን አልመታ!»

«ማኅተሙን ገንፎ ውስጥ ጨምረን አንበላው!» አለች አንዷ ከኋላ።

ቤቱ በሳቅ ተናጋ። ሳቁ ሲበርድ ፍርሃቱም አብሮት በርዶ ነበር፤ ተማከርንና ወሰንን። ውሳኔያችንን በአክብሮት እናሳውቅዎታለን። አንፈርምም። ጫካው እንደ ወትሮው የመንደሩ ሽማግሌዎች በሚያውጁት ቀን ይከፈታል። ከሚወጣው ዘይት መጀመሪያ የአራስ ቤት ማሰሮ ይሞላል፤ ቀጥሎ የአረጋውያን፣ ቀጥሎ የየቤቱ። የሚሸጠው ከዚያ የተረፈው ነው። ገበያው በግማሽ ዋጋ ከሆነ በግማሽ ዋጋ እንሸጣለን፤ ለልጆቹ ትምህርት የጎደለውን ፍየል ሸጠን እንሞላለን። ማኅተምዎን ከዚህ ደብዳቤ ጋር መልሰናል፤ ነጠቅኋቸው ከሚሉ መለሱልኝ ቢሉ ለስምዎም ይሻላል።

ይህ አቤቱታ አይደለም፤ መልስም አንጠብቅም። ለጊዜዎ፣ ለጭንቀትዎ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ እርስ በርስ እንድንተያይ ስላደረጉን የከበረ ምስጋናችንን እያቀረብን፣ እጃችን ከሥራ ስላልወጣ በወረቀቱ ላይ ለታየው የዘይት ነጠብጣብ ዝቅ ብለን ይቅርታ እየለመንን፣ ለክቡርነትዎ ረጅም ዕድሜና ጤናማ ወገብ እየተመኘን እንሰናበታለን።

ከቁጥጥር ውጪ የሆኑትን ሴቶች በመወከል፣
ትላይትማስ አይት ሑማድ
የኢገር ኡፈላ አርጋን ፈልፋይ ሴቶች ማኅበር ጸሐፊ

የተረሳ ነገር፦ በመጪው ወር አጋዲር ባለው ትልቅ ሆቴል የባሕር ማዶ ገዢዎችን እራት እንደሚጋብዙና በየጠረጴዛው ዳቦ የሚነከርበት የአርጋን ዘይት እንዲቀርብ እንዳዘዙ ሰምተናል። እባክዎ ሲ ነቢልን በዚያች ምሽት ከገበታው አጠገብ ያቁሙትና ዳቦውን ሁለት ጊዜ የነከረውን እንግዳ ሁሉ ስሙን ይመዝግብ። ዘይቱን ግን ከእኛ አይጠብቁ፤ የእኛ እየተበላ ነው።