የጭስ ደወሉ ዝም ስላለበት ቀን፣ ለደኅንነት ክፍል ኃላፊ

ለተከበሩ የተንቀሳቃሽ ክሊኒኮች ደኅንነት ክፍል ኃላፊ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል እላለሁ። ቢሮዎ ሁለት በርና አራት ሰፋፊ መስኮቶች ስላሉት በዚያ በኩል ስጋት የለንም። እኛም ከሲስተራችን በቀር ደህና ነን።

እኔ ሕፃናት የምንከትብበት፣ እንደ ቤትም የምናድርበት የክሊኒክ መኪና ሹፌር ነኝ፤ ሲስተር ከኋላ ከማብሰያው አጠገብ፣ እኔ ከፊት ጋቢናው ውስጥ እናድራለን። ይህን ደብዳቤ ሳላሽግ ሁሉም እንዲያነበው በግልጽ መጻፌ ከዚህ ቀደም በፖስታ አሽጌ የላክኋቸው ደብዳቤዎች በፋይልዎ ውስጥ ከተኙበት እንዳይቀሰቀሱ በማሰብ ነው።

1. ጣሪያው ላይ ያለው የጭስ ማስጠንቀቂያ ደወል ባትሪው ሲደክም በየደቂቃው ጢው ማለት ጀመረ። ሲስተር «ጫጩቱ ዛሬም ርቦታል፤ ለጌቶቹ ንገርልን እንጂ» እያሉ ሲያሾፉብኝ ለክፍልዎ አመለከትኩ። እርስዎም በስልክ «ድምፅ ካለው ይሠራል ማለት ነው፤ ምን ጎደላችሁ?» ብለው ስላጽናኑን እናመሰግናለን። በአሥራ ሁለተኛው ቀን ባትሪው ጨርሶ አለቀና ደወሉ ዝም አለ። ይህንንም በጽሑፍ ባሳወቅሁ ጊዜ በማመልከቻዬ ግርጌ «የድምፁ ቅሬታ ተፈትቷል» ብለው ፈርመው ማኅተም አሳረፉበት። ለፍጥነትዎ ምስጋናዬ ይድረስዎ።

2. የእሳት ማጥፊያው ልክ ከምድጃው በላይ እንዲሰቀል ያዘዙት እርስዎ ነዎት። በሩ አጠገብ ይሁን ብዬ ብለምን ለእይታ አያምርም ተባልኩ። በመሆኑም ማጥፊያውን ለማውረድ መጀመሪያ እሳቱን ማጥፋት ያስፈልጋል።

3. ባለፈው ሐሙስ ከቀትር በኋላ እኔ ውጭ ጎማ ስቀይር ሲስተር ሻይ ጥደው ጋደም አሉ፤ እንቅልፍ ወሰዳቸው። ንፋስ መጋረጃውን ምድጃው ላይ ጣለው። ጥፋቱ የራሳቸው ነው ይሉ ይሆናል። እውነት ነው፣ ከማለዳ ጀምሮ መቶ አርባ ሕፃን ከትበው ደክመው ነበር። ደወል የሚሰቀለው ግን ለነቃ ሰው አይመስለኝም። ጭሱን አይቼ የመኪናውን ጎን በጎማ መፍቻ ስደበድብ ነቁ፤ በሩን እሳት ስለያዘው የኋላውን መስታወት ሰብረው ወጡ። እስከ ዛሬ ሆስፒታል ናቸው፤ ትንፋሻቸው ገና በቅጡ አልተመለሰም።

4. ክፍልዎ በሦስት ቀን ውስጥ የጠቆረውን ሁሉ ነጭ ቀለም አስቀብቷል። እጅግ ያምራል። ቀለም ቀቢው ትጉህ ስለሆነ የደወሉን የጭስ መግቢያ ቀዳዳዎች ጭምር ደፍኖ ቀብቷቸዋል።

በዚህ መኪና ሰኞ እንድትወጣ የመደቧት አዲሷ ሲስተር ትናንት ልታየው መጣች። ዕቃዋን ሳታወርድ ወደ ጣሪያው እያየች «ይሄ ይሠራል?» አለችኝ። መልሱን ለእርስዎ ትቻለሁ። እርስዎ መጥተው፣ አዲስ ደወል አስገጥመው፣ የመሞከሪያ ቁልፉን በራስዎ ጣት ተጭነው ድምፁን ቢያሰሟት፣ ማጥፊያውንም በሩ አጠገብ ቢያሰቅሉልን ደስ ይለናል። እስከዚያ መኪናው ከቆመበት አይነቃነቅም፤ የሞተሩ ቁልፍ እኔ ኪስ ውስጥ ነው፤ ለሚደርስብኝም ቅጣት ዝግጁ ነኝ።

ውድ ጊዜዎን በመሻማቴ አንገቴን ደፍቼ ይቅርታ እየጠየቅሁ፣ ከፍ ባለ አክብሮት እሰናበታለሁ፤

የመኪናው ሹፌር

ማስታወሻ፦ ሲስተር የመንግሥት ንብረት የሆነውን መስታወት ለምን እንደሰበሩ በአርባ ስምንት ሰዓት ውስጥ በጽሑፍ እንዲያስረዱ የላኩላቸው ደብዳቤ ከሆስፒታል አልጋቸው ድረስ ደርሷቸዋል። መልሱን እየጻፉ ነው። ቀኝ እጃቸው በመስታወቱ ተቆርጦ ስለተሰፋ በግራ ነው የሚጽፉት፤ መስመሩ ቢንጋደድ እንደ ንቀት እንዳይቆጥሩባቸው አደራ።