ከሹራብ በላይ ስለተለካ ወገብ

ለተከበሩ አቶ አዝመራው አየነው
የ«መልካም ክር» ልብስ ሰፊዎች ማኅበር ሊቀመንበር
እንጅባራ

ክቡር ሆይ፣

ይህ ግልጽ ደብዳቤ በሚደርስዎት ጊዜ እርስዎም፣ ባለቤትዎ ወይዘሮ እናትነሽም፣ በመስኮቱ ሥር ያለችው የስፌት መኪናዎም በፍጹም ጤንነት ላይ እንድትገኙ ከልብ እመኛለሁ። እኔ ከወገቤ በላይ ደኅና ነኝ።

አስቀድሜ የማልጠራጠርባቸውን ጉዳዮች ብቻ በቅደም ተከተል አስቀምጣለሁ። ቅዳሜ ታኅሣሥ 22 ቀን 2015 ዓ.ም. ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ በአንድ መሥሪያ ቤት የመረጃ ትንተና ባለሙያ የሆንኩት እኔና አብሮ አደጌ የድንች ነጋዴው መሳፍንት፣ ለጓደኛችን ለኪዳኑ ሠርግ የሚዜ ሱሪ ለመለካት ወደ ሱቅዎ ገባን። ጨርቃችን ከአንድ ጣቃ የተቆረጠ ጥቁር ሰማያዊ ነበር። ዓርብ ጥር 5 ቀን መሳፍንት ለሙከራ ተጠራ፤ እኔ አልተጠራሁም። ቅዳሜ ጥር 13 ቀን ሁለቱ ሱሪዎች በጋዜጣ ተጠቅልለው ተሰጡን። እሑድ ጥር 14 ቀን ሠርጉ በዳንግላ ተከናወነ። ሰኞ ጥር 15 ቀን ወገቤን በራሴ ሜትር ለካሁ፤ ሰማንያ አንድ ሳንቲ ሜትር ነው። የሱሪው ወገብ ዘጠና አራት ነው። ይህ ደብዳቤ በእኔና በሱሪው መካከል ያለውን የአሥራ ሦስት ሳንቲ ሜትር ልዩነት ይመለከታል።

አንድ ነገር ብደብቅ መረጃው ጎዶሎ ይሆናል። ከሙሽራዋ ሚዜዎች አንዷ በዳንግላ በአንድ መድኃኒት ቤት የምትሠራው ዮዲት ነበረች። ባለፈው አንድ ዓመት ውስጥ ምንም ሳያመኝ ከእንጅባራ በሚኒባስ እየተሳፈርኩ አሥራ አንድ ጊዜ የራስ ምታት ክኒን የገዛሁት ከእርሷ ነው። በሠርጉ ቀን ስለ ክኒን ያልሆነ ነገር ላነጋግራት ወስኜ ነበር። ሱሪው ያስፈለገኝ ለዚህ ነው።

ቅሬታዎቼን በትሕትና እዘረዝራለሁ።

1ኛ. ስላከበሩኝ። የእንጅባራ ብርድ የሚጠይቀውን ሁሉ፣ ማለትም ሁለት ሹራብና አንድ ኮት፣ ደርቤ ከፊትዎ በቆምኩ ጊዜ ሜትሩን ከሁሉም በላይ አዙረው፣ በጣትዎ ጫፍ እንኳ ሳይነኩኝ፣ «የተማረ ሰው ሹራብ አስወልቆ መለካት ድፍረት ነው፤ እርስዎ እንዲሁ ይቁሙልኝ» ብለው ቁጥሩን ጻፉ። በአባትነት ዕድሜ የሚበልጡኝ ሰው «እርስዎ» ሲሉኝ ደስ አለኝ፤ ይህን አልክድም። ቀጥሎ መሳፍንት ሲቆም ግን «አውልቅ አንተ! አንተን ነው የምለካው ወይስ በጉን?» ብለው ሹራቡን በገዛ እጅዎ ገፈፉት። ሆዱን ወደ ውስጥ ሲስብም በሜትሩ ጫፍ መታ አድርገው «ልቀቀው! ሠርግ ላይ ጦም ልታድር ነው?» አሉት። ሁለታችሁም ሳቃችሁ፤ ከዚያ በአዊኛ አንድ ነገር ተባብላችሁ እንደገና ሳቃችሁ። እኔ በዚያን ሰዓት ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን የቀን መቁጠሪያ አነብ ነበር። ያደረብኝን ስሜት በሌላ ቃል ለመሰየም ሦስት ሳምንት ሙሉ ሞክሬ አልተሳካልኝም፤ ቅናት ነው።

2ኛ. ወገብ የት እንደሚገኝ። መሳፍንትን «የት ላይ ነው የምትታጠቀው?» ብለው ጠየቁት፤ እርሱም ከእምብርቱ ዝቅ አድርጎ አሳየዎት። ለእኔ ጥያቄው አልቀረበልኝም። ለተከበረ ሰው ሲሰፉ ወገቡ ከእምብርት አራት ጣት ከፍ እንደሚል፣ ይህም አዛውንትን ከሆድ ብርድ ለመጠበቅ የቆየ የሱቁ ሥርዓት እንደሆነ በኋላ ከወይዘሮ እናትነሽ ተረዳሁ። እኔ ሠላሳ አራት ዓመቴ ነው። መሳፍንት በሦስት ወር ይበልጠኛል። ሱሪውን ወደ ላይ ባወጣው ሦስተኛው የሸሚዝ ቁልፌ ከሱሪው ውስጥ ይገባል፤ ወደ ዳሌዬ ባወርደው መቀመጫው ወደ ጉልበቴ ይወርዳል፣ እግሩም ጫማዬን ይውጠዋል። በቀበቶ ስጠብቀው ደግሞ እንደታሰረ የድንች ጆንያ አፍ ዙሪያውን ይጨማደዳል። ይህን ምሳሌ የሰጠኝ መሳፍንት ነው፤ ከዚያ በኋላ ቀበቶውን ተውኩት።

3ኛ. ስለ ሙከራው። መሳፍንትን በስልክ «ና እንጂ አንተ ሰነፍ፣ እየጠበቅሁህ ነው» እያሉ ሁለት ጊዜ ደውለው አስመጡት። ስለ እኔ ሲጠይቅዎት «የቢሮ ሰው አላመላልስም» ማለትዎን ነግሮኛል። በዚያ ሳምንት ቢሮ ውስጥ ምንም ሥራ አልነበረኝም።

ከዚህ ላይ ሚዛናዊ ለመሆን አንድ ነገር መመስከር አለብኝ። ሙያዎን አልጠራጠርም፤ ማስረጃው በመሳፍንት ላይ ነው። የእርሱ ሱሪ ሲቆም በወገቡ ላይ ያለ ቀበቶ ያርፋል፤ ሲቀመጥ ከኋላው አይከፈትም፤ ሲራመድ እጥፋቱ ከጉልበት እስከ ጫማ አንድ መስመር ነው። ይህን ያህል በዝርዝር ማወቄ ያስገርምዎት ይሆናል። በሚኒባሱ ውስጥ እስከ ዳንግላ ድረስ ከፊት ለፊቱ ተቀምጬ ሌላ የማየው ነገር አልነበረኝም።

4ኛ. ስለ ሠርጉ። እርስዎም ተጋብዘው ከተቀመጡበት ድንኳን ስንደርስ ሙሽራውን በትከሻ ማንሣት የእኛ የሚዜዎቹ ድርሻ ሆነ። ይህ ሥራ ሁለት እጅ ይጠይቃል፤ እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ግን አንደኛው እጄ በኪሴ ውስጥ ሌላ ሥራ ላይ ነበር። ፎቶግራፎቹን ያየ ሁሉ ኩራት መስሎታል። ኪዳኑ ወደ ላይ በወጣበት ቅጽበት ሱሪው ወደ ታች ወረደ፤ እስከ ጉልበቴ። ኪዳኑን ልጥለው አልቻልኩም፤ ሱሪውንም ላነሣው አልቻልኩም፤ ስለዚህ ዘፈኑ እስኪያልቅ ድረስ በዚያው ሁኔታ ቆየሁ። ዮዲት አበባ ይዛ ሁለት ሜትር በማይሞላ ርቀት ላይ ቆማ ነበር። በኋላ ወደ እኔ መጥታ መርፌ ቁልፍ ሰጠችኝና «ይኸው ጋሼ፣ በዚህ ያያይዙት» አለችኝ። በዚህች አጭር ዓረፍተ ነገር ውስጥ ሁለት የአክብሮት ቃላት አሉ፤ ሁለቱንም ያገኘኋቸው ከሱሪው ነው። ከዚያ ወደ መሳፍንት ዞራ «አንተ፣ ይህን ሱሪ ማን ሰፋልህ? ወንድሜንም እልከዋለሁ» አለችው። ስለዚህ አዲስ ደንበኛ እንኳን ደስ አለዎት።

እንግዲህ ምስጋናዬን ላቅርብ። ብርዱን ስለተጠነቀቁልኝ፣ ጊዜዬን ስለቆጠቡልኝ፣ ሠላሳ ዓመት ጠብቄ ላገኘው የሚገባኝን ሽምግልና በሦስት ሳምንት ሰፍተው ስላስረከቡኝ እጅግ አመሰግናለሁ። ሱሪው እንዲጠብብልኝ አልጠይቅም። የምጠይቀው፣ ወደፊት ማኅበርዎ ደንበኛን በክብሩ መጠን ሳይሆን በገላው መጠን እንዲለካ፤ እኔንም ከደጅ ሲያዩኝ «ና አንተ፣ አውልቅ» እንዲሉኝ ብቻ ነው። ይህ ቃል ከአፍዎ በቀላሉ እንደማይወጣልዎት አውቃለሁ፤ ለመሳፍንት እንዴት ይወጣልዎ እንደነበር ግን ሰምቻለሁ።

ለመርፌዎ ስለት፣ ለዓይንዎ ብርሃን፣ ለሜትርዎም ወደ ሰው ገላ የመቅረብ ድፍረት እየተመኘሁ፣ በአንድ እጄ እየጻፍኩ በሌላው ሱሪዬን ይዤ፣

ከማይለወጥ አክብሮት ጋር
ነጋ ይሄይስ
የካቲት 8 ቀን 2015 ዓ.ም.

ግልባጭ፦
ለማኅበሩ ማስታወቂያ ሰሌዳ
ለመሳፍንት፣ እንድታውቀው

የተረሳ ነገር፦ በዚያው በሠርጉ ዕለት ከምሳ በኋላ መሳፍንት ቄጤማው አንሸራቶት ከነብርጭቆው እንደወደቀ ያስታውሳሉ። ድንኳኑ በሙሉ ሳቀ፤ ዮዲትም ትከሻውን ይዛ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች፤ እርስዎ ራስዎ ከተቀመጡበት ተነሥተው «ሱሪዬን እንዳትቀድ አንተ!» ብለው ጮኹበት። ባለፈው እሑድ መሳፍንት ወደ ዮዲት ቤተሰብ ሽማግሌ ልኳል፤ ከሽማግሌዎቹ አንዱም እርስዎ እንደነበሩ ሰምቻለሁ። ከፋሲካ በኋላ ሚዜው እንድሆን ጠይቆኝ እሺ ብያለሁ። ለመረጃ ያህል ብቻ አንድ ነገር ይመዝገብልኝ፦ የእኔ ሱሪ በወረደ ጊዜ በድንኳኑ ውስጥ አንድም ሰው አልሳቀም። እርስዎም አልሳቁም። ዮዲትም አልሳቀችም።