ኮሶ ለሞተር

ኅዳር 3 ቀን 1958
የማስተምራቸው የሦስተኛ ክፍል ልጆች ሲንጫጩ ዋሉ። ራሴን አሞኛል። ባሌ ላቀው ከቡሬ ሲመለስ ፊቱ ጠቁሯል... ከጭነት መኪናው ጋር ተጣልቶ ነው።
"ዳገት ላይ ያንኳኳል። ሞተሩ ጥቀርሻ፣ ካርቦን ሞልቶበታል።"
እኔ ያመመኝ ዕለት እንዲህ ባዘነልኝ!

ኅዳር 9
ቡሬ ካለው ጋራዥ አንድ ጠርሙስ መድኃኒት ይዞ መጣ። ቤንዚን ውስጥ ሲገባ የሞተሩን ካርቦን ያጸዳል አሉ። ሽታው ራስ ያዞራል፤ ከቤት አስወጣሁት። ጠርሙሱን ማለቴ ነው... ላቀውም ተከትሎት ወጣ።
ባለ ጋራዡ ጋሽ እጅጉ አስጠንቅቀውታል። የቤንዚን ማጠራቀሚያው፣ ሰልባትዮው፣ ጢም ብሎ ሲሞላ አንድ ክዳን ብቻ። ሞተሩ ላይ በቀጥታ እንዳታፈስ፣ እሳት ነው፣ ብለውታል። መስማቱንስ ሰምቷል...

ኅዳር 10
ጠዋት ብወጣ ቤንዚኑን ከሰልባትዮው ወደ በርሜል ይገለብጣል።
"ምነው?"
"ኮሶ በጠገበ ሆድ ይጠጣል እንዴ? በባዶ ሆድ ነው እንጂ! ያውም በአንድ ትንፋሽ። በክዳን ተልሶ ማን ሲሽር አየሽ?"
"ጋሽ እጅጉ እኮ..."
"እሳቸው ጎበዝ ናቸው። መድኃኒቱን የሠራው ፈረንጅ ግን ኮሶ መች ያውቃል?"
ሳቄ አመለጠኝ። ጥቂት ቤንዚን አስቀርቶ የጠርሙሱን ግማሽ ገለበጠበት። የቀረውን ይዞ፣ በርበሬ ጭኖ ሄደ።

ኅዳር 11

ማንኩሳ ላይ ሞተሩ እያንኳኳ ጠፋ አሉ። ኮፈኑን ከፍቶ የተረፈውን መድኃኒት በቀጥታ በሞተሩ ካርቡሬተር አፍ አፈሰሰው። በጋለ ሞተር! ረዳቱ፣ ክንዱ የሚባለው ልጅ፣ ሞተሩን ሲያስነሳ እሳቱ ተመልሶ የላቀው ፊት ላይ... ዓይኑ ላይ። ልጁ በጋቢ አፍኖ አጠፋለት።

ኅዳር 12
ሐኪም ቤት። ፊቱ በሙሉ ፋሻ ነው።
"መኪናው ተረፈ?" አለኝ።
መኪናው! ተናደድሁ። ከዚያ እጁን ይዤ አለቀስሁ። ስቄ እኮ ነው የሸኘሁት... ጠርሙሱን ብነጥቀው ምን ነበረበት? አምላኬ፣ ዓይኑን ብቻ አትርፍልኝ፣ ሌላ አልለምንህም።

ኅዳር 27
ፋሻው ተፈታ።
"መስኮቱን ክፈቺው" አለኝ።
ክፍት ነበር።

ጥር 6
ጋሽ እጅጉ ሞተሩን ፈትተው፣ ካርቦኑን ፍቀው፣ መኪናውን አስነሱት። ዛሬ ረዳቱ ክንዱ እየነዳው በደጃችን አለፈ። ላቀው ጆሮውን አቀና።
"አያንኳኳም። ድኗል" አለ። ደስ ብሎት!
ልቤ ተሰበረ። በፊት ማልቀስ ሲያምረኝ ጓሮ እወጣ ነበር። አሁን ከፊቱ ተቀምጬ ነው የማለቅሰው፤ ድምፅ ብቻ አላሰማም።
"ዝም አልሽ። ምን ትሠሪያለሽ?"
"ደብተር አርማለሁ።"
"እስቲ ወደ እኔ ዙሪ።"
ዞርሁለት። እጁን ወደ ጉንጬ ዘረጋ፤ አየሩን እየዳሰሰ፣ ቀስ ብሎ። እንባዬን ለመጥረግ ጊዜ ነበረኝ... አልጠረግሁትም።